ምንጣፉ ካለቀ ድንጋዩ ይነሣል

በካንዳቩ ደሴት ባሕር ዳር ቀጠሮ የሚሰጠው ሰዓት ሳይሆን ውሃው ነው። ውሃው ሲሞላ ጀልባ ይነሣል፤ ሲሸሽ ደግሞ የጎሳ አለቃም ቢሆን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዚያን ዕለት ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ፣ ሞተር ጀልባው ጭቃው ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ ነጂውም ከሩቅ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ውሃው እንዲህ ባይሸሽ ኖሮ ምራቲቱ ሎሴና ገና በማለዳ ወደ ጤና ጣቢያው በሄደች፣ አማቷ ወይዘሮ ታራይቪኒም ባልደረሱባት ነበር።

ወይዘሮ ታራይቪኒ የመንደሩ ወጌሻ ናቸው። ሆዱ የተነፋ፣ ወገቡ የተያዘ፣ ፅንሷ የተጣመመባት ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። በኮኮናት ዘይት አራት ጠዋት ያሻሉ፤ በአራተኛው ቀን መድኃኒቱ ያበቃና ታማሚው ጎደሬና ዓሣ ይዞ መጥቶ አመስግኖ ይሄዳል። ስለዚህ የሴት ሆድ ጉዳይ እሳቸው ሳይሰሙት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ እንደ ንቀት ያዩታል። ሎሴና ደግሞ ማህፀኗ ውስጥ ያስቀመጠችውን የወሊድ መከላከያ ሉፕ ለማስወጣት መሄዷን ለባሏ ነግራ ለእሳቸው አልነገረችም። በሠላሳ ጎጆ መንደር ውስጥ የተደበቀ ነገር ከቁርስ አያልፍምና፣ ታራይቪኒ ሰምተው ሽርጣቸውን ሰብስበው ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ።

የንቀቱ ነገር ግን ላዩ ነው፤ ከሥሩ ሌላ ነበር። ያው ሉፕ በራሳቸው በታራይቪኒ ማህፀን ውስጥም አለ። አራተኛ ልጃቸውን በወለዱ ማግሥት፣ መንደር ለመንደር በጀልባ የምትዞር ነርስ ናት ያስገባችላቸው። «ጊዜው ሲደርስ ይምጡና ይወጣል» ብላቸው ነበር። ጊዜው ደረሰ፣ አለፈ፣ ባላቸው ሞቱ፣ የወር አበባቸውም ቆመ። ደሙ ሲቆም ሉፑም እንደ ዱባ ሐረግ አብሮ የደረቀ መሰላቸውና ረሱት። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን የቆመው ደም ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሰው ሳያይ ሆዳቸውን በገዛ እጃቸው አሹ። አራት ጠዋት አሹ፤ ሌላ አራት ጠዋት ጨመሩ። ደሙ አልቆመላቸውም።

ያን ጊዜ ፈሩ። ሉፑ ሥር ሰድዶ ከሥጋቸው ጋር ተጣብቋል፣ ቢነካም አንጀታቸውን ይዞ ይወጣል ብለው ፈሩ። ደግሞስ የመንደሩ ወጌሻ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተኛች ቢባል ማን ከእንግዲህ ሆዱን ይሰጣቸዋል? ሰው የራሱን ፍርሃት በሰው ላይ ሲያየው ምክር ይመስለዋል። ታራይቪኒም ምራታቸውን ተከትለው ሲወርዱ ያመጣቸው ፍቅር ብቻ መስሏቸው ነበር።

«ተመለሺ!» አሉ ገና ሳይደርሱ። «ቦርሳሽን አንሺና ወደ ቤትሽ ተመለሺ።»

ሎሴና ከተቀመጠችበት ግንድ ብድግ አለች። «እናቴ፣ ልጅዎ አፔኒሳ ያውቃል እኮ። ልጃችን ትምህርት ቤት ገባች፤ ታናሽ ውለዱልኝ እያለች ቀንና ሌት ትነዘንዘናለች።»

«እኔ አትውለጂ አልኩሽ? መቼ ወጣኝ! ዐሥር ብትወልጂ ዐሥሩንም አዝላለሁ። ግን ነገር በወግ በወጉ ነው። መጀመሪያ አራት ጠዋት መታሸት ነው። ሲላላ፣ ሲወርድ፣ ያን ጊዜ ይታያል። ሥር የሰደደ ነገር እንዲሁ ከመሬት ተነሥቶ አይነቀልም።»

እዚያው ባለ አንድ ዛፍ ሥር አንዲት ወጣት ሴት የክትባት ሣጥኗን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ከወዲያኛው መንደር ሕፃናት ከትባ የምትመለስ ነርስ ናት። ሳትጠራ ወሬ ውስጥ መግባቱ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ዝም ማለቱም አላስቻላትም። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ ጎንበስ ብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ ቀረበች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፤ ጆሮ መዝጊያ የለውም፤ ሰማሁ። አዲሷ የጤና ጣቢያው ነርስ ነኝ። ኬሌራ እባላለሁ።»

ታራይቪኒ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አዩአት። «የማን ልጅ ነሽ?»

ኬሌራ የእናቷን መንደርና የአያቷን ስም ጠራች። ታራይቪኒ ጥቂት አሰቡ፤ በሐሳባቸው ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው ተሻግረው አንድ የጋብቻ ገመድ አገኙ። ፊታቸው ሳይወዱ ፈታ አለ። «እንግዲያ የወንድሜ ልጅ ሆንሽ ማለት ነው።»

«እንግዲያ አክስቴ ነዎት ማለት ነዋ!»

«አክስትሽስ አክስትሽ ነኝ። ነገር ግን ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። አንቺ ራስሽ ወልደሻል?»

«ገና አልወለድኩም አክስቴ።»

«ታዲያ ያልሄድሽበትን መንገድ ለሰው ምን ታሳያለሽ?»

ኬሌራ ወደ ተኛው ጀልባ ነጂ በአገጯ አመለከተች። «ያ ሰውዬ ዓሣ ሆኖ ያውቃል? ግን ባሕሩን ስለሚያውቀው ተሳፍረንበት እንሄዳለን።»

ሎሴና ሳቋን በእጇ አፈነች። ታራይቪኒም ሊስቁ ነበር፤ ግን ለመቆጣት እንደመጡ አስታወሱና ግንዱ ላይ ተቀመጡ። መቀመጣቸው ራሱ ግማሽ መሸነፍ ነበር፤ የተቀመጠ ሰው መስማቱ አይቀርም።

«እሺ፣ ነገሩን እንነጋገር» አሉ። «እኔ ምንጣፍ እሠራለሁ። አንቺም የምንጣፍ አገር ልጅ ነሽ፤ ይገባሻል። ተሠርቶ ካለቀ ምንጣፍ ውስጥ አንዷን ሰበዝ ብትመዢ ምን ይሆናል?»

«ምንጣፉ ይላላል፤ ይፈርሳልም።»

«አየሽ! ያ ሉፕ የምትሉት ዓመታት ተቀምጦ ከሥጋዋ ጋር ተሠርቷል። መዝዞ ማውጣት ማለት ሴቲቱን ማፍረስ ነው።»

ነርሲቱ መልስ ለመስጠት አልቸኮለችም። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የትልቅን ሰው ምሳሌ በመጽሐፍ ቃል ይመታና ምሳሌውም ሰውየውም ያኮርፋሉ። ኬሌራ ግን በዚያው በምንጣፉ ገባች።

«አክስቴ፣ ደጅ ላይ ምንጣፍ ሲጀምሩ ጠርዙን ነፋስ እንዳያነሣው ምን ያደርጉበታል?»

«ድንጋይ እጭንበታለኋ።»

«ያ ድንጋይ ከምንጣፉ ጋር አብሮ ተሠርቶ ያውቃል?»

«አብደሻል እንዴ? ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ምንጣፍም ምንጣፍ።»

«ምንጣፉ ሲያልቅስ?»

«ይነሣላ።»

«ሉፑም እንደዚያ ድንጋይ ነው። ማህፀን ውስጥ ተቀምጧል እንጂ ከማህፀን ጋር አልተሠራም። ሥር የለውም፤ አያድግም፤ ቅጠል አያወጣም። ሥራው ልጅ እንዳይፀነስ መጠበቅ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይነሣል።» ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጨመረች። «ድንጋዩን ሳያነሡ ቢተዉትና ዝናብ ቢዘንብበትስ?»

ታራይቪኒ መልሱን ያውቁታል። ከድንጋዩ ሥር ምንጣፉ ይሻግታል። እሳቸው ግን የሽርጣቸውን ጫፍ ያስተካክሉ ጀመር።

ሎሴና ግን የራሷ ጥያቄ ነበራት። «ያማል?» አለች ቀስ ብላ።

«አያምሽም ብዬ አልዋሽሽም። አልጋው ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ። የማህፀንሽን አፍ ለማየት አንዲት መሣሪያ አስገባለሁ፤ ትቀዘቅዛለች፤ የምትጠላ እሷ ናት። ከማህፀን አፍ ብቅ ያሉ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉ። እነሱን ይዤ 'ተንፍሺ' እልሻለሁ። ስትተነፍሺ በዝግታ እስባለሁ። ቁርጥ የሚያደርግ ነገር ይሰማሻል፤ የወር አበባ ቁርጠት ማለት ነው። ወዲያው ያልፋል። ሻይ አፍልተሽ እስክትቀጂ እንኳ አይቆይም።»

«ይሄው ብቻ ነው? በእውነት?»

«በእውነት። ቁርጠቱን ከፈራሽ ቀደም ብለሽ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ትውጫለሽ። የወር አበባ ላይ ብትሆኚ ይቀላል ይባላል፤ ባትሆኚም ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ፤ ክሩ እጄ ላይ መጣልኝ ብለሽ ራስሽ እንዳትስቢው።»

«ግን የኔ ማሸት ምን አደረገሽ?» አሉ ታራይቪኒ ኩርፊያ በተቀላቀለበት ድምፅ። «እጄ ማንን ገደለ?»

«እጅዎማ ስንቱን ወገብ እንዳቀና ሰምቻለሁ። ግን ሉፕ በመታሸት አይወርድም፤ ክሩ ነው የሚያመጣው። ሉፕ ያለበትን ሆድ በኃይል መጫን ሕመም ይጨምራል እንጂ አይረዳም። ሆዱን ከማሸትዎ በፊት 'ውስጥሽ የተቀመጠ ነገር አለ?' ብለው ቢጠይቁ እኔም እርስዎም ሥራችን ይቀልልን ነበር።»

በዚህ መካከል ከሸሸው ባሕር አንዲት ወፍራም ሴት ዛጎል የሞላ ቅርጫቷን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ጆሮዋ ላይ ቀይ አበባ ሰክታ መጣች። ማኬሬታ ናት፤ የታራይቪኒ የአክስት ልጅ። በዚያ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች ሲገናኙ መተራረብ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። የተተረበ ሰው ከተቆጣ እሱ ተሸነፈ፤ ሌላ ሰው ቢናገረው ደም የሚያፋስሰውን እነሱ ይሳሳቁበታል።

«ይቺ አሮጊት ዛሬ ደግሞ የማንን ሆድ ልታቦካ ወረደች?» አለች ማኬሬታ ቅርጫቷን እያወረደች።

«ያንቺን አፍ ባሸው ደስ ይለኝ ነበር፤ የደሴቱ ዘይት አይበቃውም እንጂ!» አሉ ታራይቪኒ።

ማኬሬታ ስቃ ስታበቃ የወሬውን ጭራ ከሎሴና ሰማች። ጭኗን በጥፊ መታች። «ሉፕ ማስወጣት? ይሄ ምን ያስፈራል! እኔ የኔን ያስወጣሁ ቀን ሞቴ የደረሰ መስሎኝ ለልጆቼ ተናዝዤ ነው የሄድኩት። 'ተንፍሺ' አለችኝ፤ ተነፈስኩ። 'አለቀ' አለችኝ። አላመንኳትም! ቀጥላም 'መውለድ ካልፈለግሽ ሌላ መከላከያ ዛሬውኑ ጀምሪ' ስትለኝ፣ ምን አስቸኮለኝ ብዬ ወጣሁ። ባሌ ደግሞ ከዓሣ ማጥመድ ተመልሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ መንታ!»

ሁሉም ሳቁ። ኬሌራም ሳቅ ውስጥ ሆና ትምህርቷን አልተወችም። «እሳቸው ያሉት እውነት ነው። ሉፑ እንደወጣ ልጅ የመፀነስ አቅም ይመለሳል፤ ብዙም አይቆይም። መውለድ የማትፈልግ ግን ከመምጣቷ ሳምንት በፊት ከባሏ ትራቅ ወይም ኮንዶም ትጠቀም፤ ሌላውን መከላከያም ቶሎ ትጀምር። አንቺ ሎሴና መውለድ ትፈልጊያለሽና እንደወጣ መሞከር ትችያለሽ። ወዲያው ካልመጣም አትደንግጪ፤ ሁሉም ሴት አንድ አይደለችም።»

ማኬሬታ ይህን እየሰማች ታራይቪኒን ትኩር ብላ ታያቸው ነበር። «እንዴ!» አለች ድንገት። «እኔና አንቺ አንድ ቀን፣ አንድ ሰልፍ ላይ አይደለም እንዴ ያስገባነው? አንቺ የራስሽን መቼ አስወጣሽ? ወይስ ለመቃብርሽ ጌጥ አስቀመጥሽው?»

ሎሴና አንገቷን ደፋች። ማኬሬታ ክፋት አልነበራትም፤ ታራይቪኒ ከረጅም ጊዜ በፊት አስወጥተውታል ብላ ነበር የቀለደችው። አሁን ተራው የታራይቪኒ ነው። መቆጣት አይቻልም፤ ሕጉ ነው። ቀልድ በቀልድ መመለስ ያስፈልጋል።

«የኔማ…» አሉ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከሩ። «የኔማ አብሮኝ ይቀበራል…»

እንባቸው መጣ፤ ስንት ሕፃን ባቀኑበት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

የማኬሬታ ሳቅ ከፊቷ ጠፋ። አጠገባቸው ተቀመጠችና ትከሻቸውን ያዘች። «እህቴ! እኔ እኮ… ውይ ምላሴ ይቆረጥ!»

ኬሌራ ፊት ለፊታቸው በርከክ አለች። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የወር አበባዎ ከቆመ በኋላ ደም አይተዋል?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ታራይቪኒ ይህን ተረት ለስንት ታማሚ ተርተዋል፤ «የት ጋ ነው የሚያምሽ? አትደብቂኝ» ብለው ስንቷን ተቆጥተዋል። አሁን ተረቱ ዞሮ ወደ ራሳቸው መጣ።

የመለሰችው ሎሴና ናት። «እናቴ፣ ጨርቁን አይቼዋለሁ» አለች። «ልብስ ሳጥብ አየሁት። ይከፋዎታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬም ስሄድ ነርሷን በእርስዎ ነገር ላማክራት አስቤ ነበር።»

ታራይቪኒ እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ሊያስቀሯት የመጡት ልጅ ለእሳቸውም ልትሄድ ነበር። እፍረትና ፍቅር አንድ ላይ መጣባቸውና የምራታቸውን እጅ ያዙ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገሩ፤ ደሙን፣ መታሸቱን፣ እንደ ዱባ ሐረግ ደርቋል ማለታቸውን፣ ሥር ሰድዷል ብለው መፍራታቸውን።

ኬሌራ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። «ሉፕ አይደርቅም፤ ራሱን አያስወጣም» አለች። «እርጅናም አያወጣውም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም ደግሞ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሁልጊዜ ሐኪም ያየዋል። ያረጀው ሉፕ አቁስሎ ይሆናል፤ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ክፉ ነው ብዬ አላስደነግጥዎም፤ ምንም አይደለም ብዬም አልሸነግልዎም። ዛሬ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐኪሟ አለች።»

«ክሩስ? ይሄን ያህል ዘመን ቆይቶ ክሩ ይገኛል?»

«ሊገኝ ይችላል። ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ቀጭን መሣሪያ አለች፤ እሷ ትፈልገዋለች። እሷም ካላገኘችው በአልትራሳውንድ ይታያል። ከሁሉም ካለፈ ሱቫ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል እንልክዎታለን፤ ተኝተው ሳይሰማዎት ይወጣል። መንገዱ ብዙ ነው፤ አንዱም ግን አንጀት አይጎትትም።»

ታራይቪኒ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። አእምሯቸው አምኗል፤ ሆዳቸው ግን አላመነም። ኬሌራ ይህን አየችና ከማኬሬታ ጆሮ ላይ ቀይዋን አበባ ፈቃድ ጠይቃ ወሰደች።

«አክስቴ፣ እጅዎን ይጨብጡ። አላላ ያድርጉት።»

ጨበጡ። ኬሌራ የአበባዋን ግንድ ከሥር አሾልካ አበባዋን በጭብጡ ውስጥ አስቀመጠቻት። «ይተንፍሱ» አለች። ታራይቪኒ ተነፈሱ። ኬሌራ ግንዱን በዝግታ ሳበች። የአበባዋ ቅጠሎች ወደ ላይ ታጠፉ፣ ተሰበሰቡ፣ በጭብጡ ቀዳዳ ሾልከው ወጡ፤ ወጥተውም መልሰው ተዘረጉ። አንዲትም ቅጠል አልተቀደደችም።

«ሉፑም ሁለት ትንንሽ ክንዶች አሉት» አለች ኬሌራ። «ሲሳብ እንዲህ ይታጠፋሉ።»

ታራይቪኒ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። ጥቂት ቢጫ ብናኝ ብቻ ቀርቶበታል። እጅን የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያወቁት ሁሉ በእጃቸው የገባ ነው።

ያን ጊዜ ውሃው መሙላት ጀመረ። ጀልባዋ ጎኗን አቀናች፤ ነጂውም ባርኔጣውን አነሣና ጮኸ።

«ልብስ አልያዝኩም» አሉ ታራይቪኒ።

«የኔን ሽርጥ ውሰጂ» አለች ማኬሬታ። «ሁለት ሰው ይጠቀልላል፤ ለአንቺ ለአንዷ አያንስም።»

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ሎሴና ተራዋ ደርሶ ስሟ ተጠራ። ብድግ ስትል ታራይቪኒ ክንዷን ይዘው አስቀመጧት።

«እኔ ልቅደም» አሉ።

«እናቴ፣ የኔ ቀላል ነው እኮ። ይዩኝና ከዚያ…»

«የሚገድል ከሆነ እኔን ይግደለኝ። እኔ የምወልደውን ወልጃለሁ፤ አንቺ ገና ነሽ።» ይህን ብለው ገቡ። ገና ሙሉ በሙሉ አላመኑም ነበር ማለት ነው፤ እያመኑ ሳይሆን እየፈሩ መግባታቸው ግን ከእምነትም ይበልጣል።

ሐኪሟ ስለ ደሙ ጠየቀቻቸው፣ ሆዳቸውን መረመረች፣ ወደ ሱቫ የሚላክ ናሙናም ወሰደች። ክሮቹ አጥረው ነበር፤ ግን አልጠፉም። መሣሪያዋ እንደተባለው ቀዘቀዘች፤ ታራይቪኒም እንደተባለው ጠሏት። ዕድሜ ገፍቷልና ከወጣት ይልቅ ትንሽ አስቸገረ፤ ኬሌራም ይህን አልደበቀችም። «አሁን ይተንፍሱ አክስቴ» አለች። ታራይቪኒ ዓይናቸውን ጨፍነው ያቺን አበባ አሰቡና ተነፈሱ። ጠንከር ያለ ቁርጠት መጣ፤ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ ቁርጠቱ ሄደ።

«ወጣ» አለች ኬሌራ።

«አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። የመርከብ መልሕቅ ያከለ ሲመስላቸው የኖረው ነገር ከትንሿ ጣታቸው ያነሰ፣ የጠቆረ መዳብ የተጠመጠመበት ቁራጭ ነበር። ሥር የለውም። አዩት፤ አገላብጠው አዩት።

«ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው አክስቴ።»

ታራይቪኒ ሳቁ፤ ሳቁና ደግሞ አለቀሱ። ለዚች ቁራጭ ብለው ነው ሳምንታት እንቅልፍ ያጡት፤ ለዚች ብለው ነው የልጃቸውን ሚስት ከልጅ ሊያስቀሯት የነበረው። ወጥተው ሎሴናን «ግቢ፣ ከጥርስ ማውጣት ይሻላል» አሏት። ሎሴና ገብታ እሳቸው ሽርጣቸውን አስተካክለው ሳይጨርሱ ወጣች።

ኬሌራ ሁለቱንም አስቀምጣ የመጨረሻውን ነገር ነገረቻቸው። ጥቂት ቀን ትንሽ ደምና ቀለል ያለ ቁርጠት ሊኖር ይችላል፤ ማስታገሻ ይበቃዋል፤ በማግሥቱም ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። ትኩሳት፣ የሚከረፋ ፈሳሽ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ የሚያስለውጥ ደም ወይም የማይለቅ የሆድ ሕመም ከመጣ ግን ውሃው ሞላ ጎደለ ሳይሉ ሰው መላክ ነው።

ከሱቫ መልሱ ሲመጣ ክፉ ነገር አልተገኘበትም፤ ደሙም ቆመ። ሐኪሟ ግን «ክፉ ቢሆንም ኖሮ በጊዜ መጥተዋልና ይደረስበት ነበር» አለቻቸው። ይህን ቃል ታራይቪኒ ከምሥራቹ ይልቅ አጥብቀው ያዙት።

የወጌሻነታቸውን ነገር በተመለከተ፣ የፈሩት አልሆነም። ሆዱን የነፈጋቸው ማንም የለም። እንዲያውም ታራይቪኒ ሆድ ከመንካታቸው በፊት ውስጥ የተቀመጠ ነገር እንዳለ ይጠይቃሉ፤ ካለም ዘይታቸውን መልሰው ይከድኑታል። ኬሌራ ደግሞ ወገቡን ያመመውን ሁሉ ወደ እሳቸው ትልካለች። ማኬሬታ በበኩሏ የመቃብር ጌጧን ያጣችውን አሮጊት ባገኘቻት ቁጥር ትተርባለች፤ ታራይቪኒም አይቀሩላትም።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሴቶቹ ለሎሴና ለሚወለደው ልጅ ምንጣፍ ሲሠሩ ዋሉ። ሎሴና ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ማለት ስላልቻለች ቅጠል ታቀብላለች። ከሴቶቹ አንዷ፣ አምስት ልጆች ያሏት ዝምተኛ ሴት፣ ወደ ታራይቪኒ ጠጋ ብላ በጆሯቸው አንሾካሾከች። የሷ ሉፕ ጊዜው አልፏል፤ ትፈራለች።

ታራይቪኒ ያለቀውን ምንጣፍ ጠርዝ የያዘውን ድንጋይ አንሥተው ወደ ሣሩ ጣሉት። ከዚያ ከአጥሩ ላይ አንድ ቀይ አበባ ቀጠፉና «እጅሽን ጨብጪ፤ አላላ አድርጊው፤ ተንፍሺ» አሏት። በዝግታ ሳቡት።

«ይኸው ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ይኸው ነው ልጄ» አሉ ታራይቪኒ። «ነገ ውሃው በጠዋት ይሞላል፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።»